መሬት የከሰሰችኝ ቀን

ሰው በብዙ ነገር ሊከሰስ ይችላል። በድንበር ይከሰሳል፣ በስድብ ይከሰሳል፣ ጎረቤት ማሳ ውስጥ በገባች ላሙ ይከሰሳል። እኔ ግን የተከሰስኩት ራስሽን በቅርጫት ተሸክመሽ ገደል ተሻግረሻል ተብዬ ነው። ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኛም ስቀናል። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በዚያ ክስ ምክንያት ነው።

ያኔ አርብ ገበያ ከተማ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ወደ ስማዳ አቅጣጫ፣ ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን ሲወጡ ነው፤ ጎህ ሲቀድ የተነሳ ሰው ረፋዱ ላይ ከተማ ይገባል። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በሶውና ሽሮው በየሳምንቱ ከገበያተኛ ጋር ይላክልናል፤ ሳይላክ የቀረ ሳምንት ደግሞ እርስ በርስ እንበዳደራለን። በባህሪዬ መልስ የማላሳድር ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስትቆጣኝ "የአባትሽ ልጅ" ትለኛለች፤ ስድብ መሆኑ ነው።

አባቴ አቶ ዓለሙ በአካባቢያችን የታወቁ ተሟጋች ናቸው። ሰው ተጣላ ከተባለ ለሽምግልና ይጠራሉ፤ ሳይጠሩም የሄዱበት ጊዜ አለ። የሰውን ነገር እንዲህ የሚያቀኑት ሰውዬ ግን የራሳቸው አልቀናቸውም። አንድ ጎረቤታችን ድንበር ገፍቶ አረሰብን። አባቴ ከቀበሌ እስከ ወረዳ ተመላለሱ። ሠፈር ውስጥ "በዓይናችን አይተናል" ሲሉ የከረሙት ምስክሮች ዳኛ ፊት ሲቆሙ "አላየንም" አሉ፤ መሬቱም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሕግ የሚባል ነገር ሲነሳ "ሕግማ ለጉልበተኛ ነው" ብለው ወሬውን ይዘጉታል።

ትምህርትንም ከዚያው ጋር አዳበሉት። ከሠፈራችን ተምረው የጨረሱ ሁለት ወጣቶች ሥራ አጥተው አባታቸው ቤት ተቀምጠዋል። እናቴ ደግሞ ወገቧን ታማ ውኃ መቅዳት አቅቷት ነበር። በግንቦት ለልደታ ቤት ስሄድ አባቴ አስቀምጠው ነገሩኝ።

"ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መጥቼ እወስድሻለሁ። ዕቃሽን ጠቅልለሽ ጠብቂኝ፤ ከእንግዲህ ይበቃል" አሉ።

ለአባቴ የሚሆን ስንት ነገር አፌ ላይ ነበር፤ እናቴ ግን በዚያች ሰዓት ወገቧን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እሷን እያየሁ ምን እላለሁ? "እሺ አባየ" ብዬ ወጣሁና ከበረቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ማስረሻ የእስቴ ልጅ ነው፤ ገና ወጣት፣ ቀልደኛ። ክፍሉ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲያዳፋው ተመልክቶ አንድ ዘዴ ፈጠረ። "የፊዚክስን ሕግ የጣሰ ወንጀለኛ ፈልጋችሁ አምጡ፤ ከፊልምም ይሁን ከጉራ ወይም ከራሳችሁ ጭንቅላት። ችሎት ተቀምጠን እንፈርድበታለን" አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ የሚያንቀላፋ ጠፋ። አንዱ ከፎቅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ የሚሮጥ የፊልም ጀግና ከሰሰ። ሌላው የወረወርኩት ድንጋይ እስካሁን አልወረደም እያለ የሚፎክር የአጎቱን ልጅ ከሰሰ። አንዷ ያለ እሳት የሚፈላ ድስት አምጥታ ድስቱን ራሱን አስፈረደችበት። እያንዳንዱ ክስ የተጣሰውን ሕግ መጥቀስና ማስረዳት ስላለበት ሳናውቀው ፊዚክስ ማንበብ ጀመርን።

እኔ ያመጣሁት ወንጀል እንዲህ ነበር። አንዲት ሴት ገበያ ረፍዶባት፣ ወንዙም ሞልቶባት ቅርጫት ውስጥ ትገባለች። የቅርጫቱን ጆሮዎች በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ወደ ላይ እየጎተተች፣ ገደሉን በአየር ላይ ተሻግራ ገበያዋን ትደርሳለች። የጣሰችው ሦስተኛውን የእንቅስቃሴ ሕግ ነው። አንድን ነገር ስትስበው እሱም በዚያው ልክ መልሶ ይስብሃል፤ ስለዚህ ቅርጫቱን ወደ ላይ የሳበች ሴት ቅርጫቱ እሷን ወደ ታች ስለሚስባት ንቅንቅ አትልም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ማስረሻም ይህ ክስ በትምህርት መዝጊያው ዕለት ወላጆች ፊት እንዲቀርብ ወሰነ። ታሪኩን የፈጠርሽው አንቺ ስለሆንሽ ተከሳሿም አንቺው ሁኚ ተባልኩ።

መዝጊያው አርብ ሆነ። አርብ የገበያ ቀን ነው፤ ወላጅ በሌላ ቀን ቢጠሩት አይመጣም፣ አርብ ግን አህያውን አጥር ላይ አስሮ ጎራ ይላል። እኔ ጠዋት ፍራሼንና ድስቴን በገመድ አስሬ ክፍሌ በር ላይ አቁሜ ነው የመጣሁት። እንደማልመለስ የነገርኩት አብራኝ ለምትኖረው ለስመኝ ብቻ ነበር። መጨረሻዬ ስለሆነ አሳምሬ ልጫወተው ብዬ ነበር።

ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ማይክ ቆመ። ዳኛዋ ስመኝ ናት፤ የአከራያችንን ጥቁር ነጠላ እንደ ካባ ደርባለች። ዐቃቤ ሕጉ ደጀን ነው፤ ትግል ገጥሞ የሚጥለው ያልተገኘ፣ በር የሚሞላ ልጅ። እኔ ዱላ በያዙ ሁለት "ፖሊሶች" መሃል ቆሜያለሁ፤ ቅርጫቱም በማስረጃነት ከእግሬ ሥር ተቀምጧል። በተለማመድነው መሠረት እኔ "ጥፋተኛ ነኝ" እላለሁ። ስመኝ ደግሞ "ዕድሜ ልክሽን ከመሬት እንዳትለዪ" ብላ ትፈርድብኛለች። ወላጅ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ያልቃል።

ደጀን ማይኩን ያዘና ክሱን በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ማንበብ ጀመረ። "ተከሳሽ ባንቺአምላክ ዓለሙ፣ ማንም ሊተላለፈው የማይገባውን ሕግ ሆን ብላ በመጣስ ከባድ ወንጀል ፈጽማለች።"

አባቴ ከአጥሩ ውጪ አህያቸውን እያሰሩ ይህን ሰሙ። እኔ ያየኋቸው ሕዝቡን በትከሻቸው እየሰነጠቁ ሲመጡ ነው። መሃል ሜዳው ላይ ደርሰው ቆሙ። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥለው ዱላ የያዙትን ልጆች፣ ከዚያ ጥቁር የደረበችውን ዳኛ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

"አቤት ዳኛ" አሉ። "የተከሳሽ አባት ነኝ። ዋስ ሆኜ ቀርቤያለሁ።"

ከዚያ ከኋላ ሳቅ ተጀመረ። ፊቴ ነደደ። ልጅነቴን ሁሉ የኮራሁባቸው አባቴ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት መሳቂያ ሆኑ። ደግሞም ተናደድኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ተናደድኩ። ከትምህርቴ ሊነጥቁኝ መጥተው የመጨረሻ ቀኔንም አበላሹብኝ ብዬ።

ቲቸር ማስረሻ እየሮጠ መጣ። "አባታችን፣ ይቅርታ፣ ይኼ እኮ..."

"መምህር፣ አይቀየሙኝ" አሉ አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ዳኛ በተቀመጠበት የሚናገር ዳኛ ነው።"

ቲቸር ማስረሻ አፉን ከፍቶ ወደ ስመኝ ዞረ። ስመኝ ወደ እኔ አየች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከወላጆቹ መሃል አንድ አረጋዊ ቄስ በነገሩ ተጫውተው ይሁን ከልባቸው ሳይለይ "ዋስ ከቀረበ ይሰማ እንጂ፣ ወግ ነው" አሉ። ስመኝም በቀጭን ድምፅ "ይፈቀዳል" አለች።

አባቴ ወደ ደጀን ዞሩ። "ዐቃቤ ሕግ፣ ልጄን አውቃታለሁ። ነገረኛ ናት፤ ምላሷ አያርፍም፤ ይህን አልክድም። የሰው ድንበር ግን አትገፋም። ለመሆኑ የተበደለው ማን ነው?"

ደጀን ወረቀቱን አገላበጠ፤ ይህ አልተጻፈለትም። "ተበዳይዋ... መሬት ናት" አለ። "ተከሳሿ መሬት ሳትለቃት ተነስታ ሄዳለች።"

"መሬት ራሷ ከሳለች ወይስ ወኪል አላት?"

ሕዝቡ በሳቅ አወካ። አሁን ግን ሳቁ ሌላ ሆኗል፤ ከአባቴ ጋር ነው የሚስቁት። ገበያ ሊሄዱ የተነሱት ሁሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ክርክር በተገኘበት የኛ አገር ሰው ሽንኩርቱን አይገዛም።

"ሕጉንስ ማን አወጣው?" አሉ አባቴ።

"ከሞተ ብዙ ዘመኑ የሆነ ፈረንጅ ነው" አለ ደጀን ላቡን እየጠረገ። "ሕጉ ግን የተፈጥሮ ነው፤ እሱ ደረሰበት እንጂ አላወጣውም።"

"ምስክር?"

"የለም።"

"ምስክር ከሌለ እሷው ትናገር" አሉና አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አየሁ። አባቴ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር። "ልጄ፣ አትፍሪ፤ እኔ አለሁ። አድርገሻል ወይስ አላደረግሽም?"

የተለማመድኩት መልስ "ጥፋተኛ ነኝ" የሚል ነበር። እሱን ብል ጨዋታው ያልቃል፤ እኔም ፍራሼን አህያው ላይ ጭኜ እሄዳለሁ። ግን እንዲህ ቆመውልኝ ሳለ፣ ለጨዋታም ቢሆን፣ ፊታቸው ላይ ሐሰት መናገር አቃተኝ።

"አላደረግሁም አባየ" አልኩ። "ማንም ሊያደርገው አይችልም።"

ደጀን ደነገጠ። "ትናንት አምነሽ የለም እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ፤ ማይኩ ግን ለሕዝቡ ሁሉ አሰማው።

"ዳኛዬ፣ ማስረጃው ይፈተሽልኝ" አልኩ። አንደበቴ በድንገት ተፈታ። "ከሳሼ ከኔ ይበረታል። እሱ ቅርጫቱ ውስጥ ገብቶ ራሱን ያንሳ። ካነሳ እኔም ወንጀለኛ ነኝ።"

ሕዝቡ "ይግባ፣ ይግባ" አለ። ደጀን ወደ ቲቸር ማስረሻ አየ፤ ቲቸር ትከሻውን ነቀነቀ። ደጀን ገባ። ጎንበስ ብሎ የቅርጫቱን ጆሮዎች ጨበጠና ሳበ። የአንገቱ ደም ሥር ተገታተረ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ቅርጫቱ ግን እዚያው ነው። እንደገና ሲስብ አንዱ ጆሮ ተገነጠለና ደጀን በጀርባው ተዘረረ። በትግል የማይጣለው ደጀን በቅርጫት ተጣለ ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ተወርቷል።

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ ለአባቴ ማስረዳት ጀመርኩ። ሕዝቡን ረስቼዋለሁ። "አባየ፣ የሰው ሕግ አታድርግ ይላል፤ የደፈረ ግን ያደርገዋል። ይኼኛው ሕግ አታድርግ አይልም። ቅርጫቱን በሳቡት ልክ እሱም ይስብዎታል፤ በቃ። ሊጥሰው የሞከረ ባለበት ይቀራል።"

አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጉልበተኛም ቢሆን?" አሉ።

"ጉልበተኛም ቢሆን። ደጀንን አላዩም?"

"ዘመድ ያለውስ? ባለሥልጣን የሆነ?"

"ለሁሉም እኩል ነው።"

"ምስክር ቢያስክድስ?"

"ምስክር አይጠይቅም አባየ። ማንም ባያይ፣ ማንም ባይናገር፣ ሕጉ ያው ነው።"

የድንበሩን ነገር የማያውቅ ሰው አባቴ ለምን እንዲያ እንደሆኑ አይገባውም። የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንዲህ ያለም ሕግ አለ?" አሉ፤ ለማን እንዳሉት እንጃ። ቲቸር ማስረሻ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን ብትሉኝ በወቅቱ አላወቅሁም። አባቴ እኔ የተናገርኩትን ነገር ቁም ነገር ብለው ሲያዳምጡ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስመኝ ግራ ገብቷታል። ፍርዱ ተበላሽቷል፤ ሌላ የተዘጋጀ ነገር የለም። እኒያ ቄስ "ነገሩ ከበድ ያለ ነው፤ ቀጠሮ ስጪና ሰዉ ገበያውን ይሂድ" አሏት። እሷም አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

"ለመስከረም ተቀጥሯል። ትምህርት ሲጀመር ተከሳሿን ዋሷ ያቅርቧት።"

አባቴ ዱላቸውን ከመሬት አነሱ፤ እንደገና እጅ ነሱ። "ተቀብያለሁ" አሉ። "መስከረም አቀርባታለሁ።"

በኛ አገር ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ዋስ የሆነ ሰው የዋሰውን በቀጠሮው ቀን ይዞ ይቀርባል። ካላቀረበ ስሙ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ሽምግልና ቢቀመጥ ቃሉን የሚሰማው የለም። አባቴ ደግሞ ከስማቸው በቀር የቀራቸው ነገር አልነበረም።

ቢሆንም ዕቃዬ ተጫነ። አህያውን እየነዳን ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ ችሎቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ገብሱ አወሩ። ልጠይቃቸው አፌን እከፍትና እፈራለሁ። ጨዋታ መሆኑን ብነግራቸው ዋስነታቸው ሊፈርስ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ያታለልኳቸው መሰለኝ። ወንዙ ጋ ስንደርስ አልቻልኩም።

"አባየ፣ ያ ችሎት እኮ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው" አልኩ።

አህያውን ቸብ አደረጉት። "በሰው ፊት ዋስ ነኝ ብያለሁ" አሉ። "ዋስነት ጨዋታ የለውም።" ሌላ አልጨመሩም።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሠፈር ገብቶ ጠበቀን። "ዓለሙ ለቅርጫት ዋስ ሆነ" እያሉ ሳቁ። ድንበራችንን የገፋው ጎረቤት ሳይቀር መንገድ ላይ አስቁሞ "የልጆች ጨዋታ መሆኑን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?" አላቸው። አባቴ በማግስቱ ማልደው ጀሪካኖቹን አህያው ላይ ጭነው ምንጭ ወረዱ። በኛ ሠፈር ሚስት እያለች ውኃ የሚቀዳ ወንድ አይታይም፤ ምንጩ ላይ የነበሩት ሴቶች ቦታ እስኪለቁላቸው ድረስ ተደናግጠው ነበር አሉ። እናቴ ጀሪካኑ ሲራገፍ በሩ ላይ ቆማ አየች። "ክረምቱን ብቻ ነው ወይስ?" አለቻቸው። "ወገብሽ እስኪሻልሽ" አሉ። እኔ ውስጥ ዱቄት እየነፋሁ ይህን ሰማሁ።

መስከረም ጠባ። ትምህርት ሊጀመር ነው በተባለበት ቀን አባቴ በጠዋት ቀሰቀሱኝ። ፍራሹም ድስቱም አህያው ላይ ተጭኗል። አርብ ገበያ ደርሰን በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ቅጥር ገቡ፤ ቲቸር ማስረሻ መምህራን ቢሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋቢያቸውን አደግድገው እጅ ነሱት።

"የቀጠሯችን ቀን ደርሷል። ይኸው፣ አቅርቤያታለሁ" አሉ።

ቲቸር ማስረሻ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ተማሪ ልኮ ስመኝን አስጠራት። ስመኝ ያን ጥቁር ነጠላ አልደረበችም፤ በዩኒፎርም እየሮጠች መጥታ አባቴ ፊት ስትደርስ ዳኛ መሆኗ ትዝ አላትና ቀጥ ብላ ቆመች።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቤት ዳኛ፣ የዚህ ሕግ ነገር በቀላሉ የሚጣራ አይደለም። ልጄ ገና አንብባ አልጨረሰችውም። ሌላ ቀጠሮ ይሰጠን።"

"እስከ መቼ?" አለች ስመኝ።

"ለሚመጣው መስከረም" አሉ አባቴ።

በሚቀጥለው መስከረምም እንዲያው አሉ፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን ይዤ ነበር። በየዓመቱ እየተቀጠረ ተመረቅሁ። ዛሬ ንፋስ መውጫ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ድስት የምንከስበት፣ ድንጋይ የምናስርበት ችሎት እኔም ክፍል ውስጥ አለ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ልጆቻችሁ የማይገባችሁን ነገር ሲናገሩ አንዴ ቆማችሁ ስሟቸው። እኔን ከቤት መቅረት ያዳነኝ ፊዚክስ ነው ብዬ ሳስብ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። ልጆች ሆይ፣ ለእናንተም የምለው አለ፤ ወላጆቻችሁ እንደምታስቡት ግትር ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ ሊጠይቁኝ ንፋስ መውጫ መጥተው ነበር። ከራት በኋላ ስንጫወት ጠየቅኋቸው።

"አባየ፣ ያኔ ዋስ ሲሆኑ የእውነት ችሎት መስሎዎት ነበር?"

"ስምሽን ከስሜ ጋር በማይክ ስሰማ የእውነት መስሎኝ ደንግጫለሁ" አሉ። "ያ ወጠምሻ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ግን አወቅሁ።"

"ታዲያ ካወቁ ቀጠሮውን ለምን ተቀበሉ?"

"ከቤት ስወጣ ልጄን ከትምህርት አስወጥቼ ላመጣት ነው ብዬ ለሠፈሩ ሁሉ ተናግሬ ነበር" አሉ። "እንዲያ ስትናገሪ ስሰማሽ ተጸጸትሁ። እንግዲህ እኔ ቃሌን እንዴት ልብላ? ከዚያኛው ቃል የሚበልጥ ሌላ ቃል እየፈለግሁ ሳለ ልጅቱ ለመስከረም ቀጠረችን።"